መሪጌታ ኖርዌይ

መሪጌታ ልሳነወርቅ መሞታቸውን የሰማሁት ከልጃቸው ከስርጉት ነው። እሷ ያለችው ኖርዌይ፤ እኔ ያለሁት ጎንደር፣ ከመሪጌታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ተጎራብቼ። ጠዋት ሥራ ልሄድ ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ እያወሩኝ ድምፃቸው ጠፋ» አለችኝ። «ኔትወርክ ነው መሰለኝ፤ እስኪ ገባ በይና እዪልኝ።»

ኔትወርክ አልነበረም። ስልኩ አትሮንሱ ላይ እንደተደገፈ ነው፤ የልጅቱ ፊት መስታወቱ ውስጥ ይታያል። መሪጌታ ግን መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ወደ ግድግዳው ዘንበል ብለው ቀርተዋል።

በእኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ሩቅ ላለ ሰው በስልክ አይረዳም፤ ዘመድ ተፈልጎ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገር። የመሪጌታ መርዶ ግን ከባሕር ማዶ ወደ ጎረቤት መጣ። ቢሰሙ ሳምንት ሙሉ በሳቁ ነበር፤ ያውም በእኔ ላይ።

መሪጌታ በአንድ የጎንደር ደብር የአቋቋም መምህር ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ከራሳቸው የሚበልጥ ሰው። ምላሳቸው ግን ከመቋሚያቸው ይረዝም ነበር። ሰው ሊዘልፉ ሲሉ መቋሚያዋን ከብብታቸው አውጥተው መሬቱን ጠቅ ያደርጉታል፤ ያቺን ጠቅታ የሰማ ሁሉ ተረኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ዙሪያውን ያያል። ደቀ መዛሙርቱ «የኔታ» ይሏቸዋል። ሰፈሩ ኋላ ላይ «መሪጌታ ኖርዌይ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ስሙ የወጣው በክፋት ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት።

ስርጉት አንድያ ልጃቸው ናት። እናቷ ቀደም ብላ አርፋለች። ለአጭር ስልጠና ብላ ወጣችና እዚያው ቀረች። ያን ጊዜ ስልክ እሳት ነበር። ከእኛ ወገን የሚደውል የለም፤ አንዴ አስጩኾ መዝጋት ብቻ። ሚስኮሉ የደረሰው ሰው ካርድ ገዝቶ ይደውላል፤ ካርዱም «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ሲባባሉ ያልቃል። መሪጌታ ያንን ጊዜ «ዘመነ ደህና ነሽ» ይሉታል። «ልጄን ስንት ዘመን ደህና ነሽ ስላት ኖርሁ» ይሉ ነበር፤ «ደህና መሆኗን ግን አላውቅም።»

ከዚያ ከሰፈራችን በላይ ያለው ሆቴል ዋይፋይ አስገባ። ዋይፋዩ አጥሩን ዘልሎ እስከ መንገዱ ዳር ይደርሳል። የይለፍ ቃሉን ዘበኛው ለአንድ ወዳጁ በምስጢር ነገረው፤ ምስጢሩም እንደ ጎንደር ምስጢር ሁሉ በማግስቱ ገበያ ዋለ። የሆቴሉ ግንብ ሥር ሰው እንደ ሰንበቴ ይሰበሰብ ጀመር። ወንድሜ ጁባ ስለሚኖር እኔም ከሥራ ስመለስ እዚያው ነኝ። መሪጌታ ቦታውን «ደብረ ዋይፋይ» አሉት፤ ስሙም ጸና።

አንድ ቀን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ብቅ ብሎ «እዚህ መቀመጥ አይቻልም፤ ዋይፋያችንን ጨረሳችሁት እኮ» አለ። መቋሚያዋ መሬቱን ጠቅ አደረገች።

«ጌታው፣ እኛ የምንወስድ ከአየሩ ነው። አየሩን አጥር ይሥሩለት።»

ሰውየው ተመልሶ ገባ።

ደብረ ዋይፋይ ላይ የሚሰማው ጸሎት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፦ ላክልኝ። አያ ገብሬ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የከባድ ማኪና ሾፌር ልጃቸው ካናዳ ነው። ካናዳ ሩቅ መሆኑን ስለሚያውቁ እየጮሁ ያወራሉ። «ጫማው አልደረሰም! ጥቁሩን አይደለም፣ ቡኒውን!» ሰላምታው ከጫማው በኋላ፣ ከተረፈ ነው። አንድ ቀን መሪጌታ ጨርሰው እስኪዘጉ ጠበቁና፦

«አያ ገብሬ፣ እርስዎ እኮ ልጅ አልወለዱም፤ ሱቅ ነው የከፈቱ» አሏቸው።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ከወንድሜ ጃኬት የጠየቅሁ ዕለት ተራው እስኪደርሰኝ።

እሳቸው ዕቃ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ጥያቄ ነው፤ ለልጅቱ ግን ጫማ መላኩ ሳይቀላት አልቀረም። ምን በላሽ? ከማን ጋር በላሽ? ዝናቡ ከየት ይመጣል? ሰው ሲሞት ማን ያለቅሳል? ስርጉት የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። መሪጌታ ይህን የሰሙ ዕለት ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት፤ ስልኩ የተሳሳተ ይመስል።

«ወላጁን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ለሰውየው ደግሞ ደሞዝ ከፍሎ! ታዲያ ልጁ በዚያ ሰዓት ምን ይሠራል?»

«እሱም ሥራ ይገባል፣ አባዬ።»

«ምን ሥራ?»

«እንጃ፤ የሌላውን ወላጅ ይጦር ይሆናል።»

ይህን ወሬ ከቅዳሴ መልስ ለካህናቱ ሁሉ አደረሱት።

ስርጉት የምትኖርባት ትሮምሶ የምትባለው ከተማ ሰሜን ጫፍ ላይ ናት። ክረምቷ ሲገባ ፀሐይ ትጠፋለች፤ የምትጠፋውም ጾመ ነቢያትን ከሞላ ጎደል እየተከተለች ነው። በሐዋርያት ጾም ደግሞ ጭራሽ አትጠልቅም። ለሌላ ሰው ይህ ተአምር ነው፤ ለመሪጌታ የሥርዓት ችግር ነበር። «ፀሐይ ካልወጣች ቀኑ አልተጀመረም» አሉ። «ቀኑ ካልተጀመረ ዘጠኝ ሰዓት ከየት ተነሥቶ ይቆጠራል? ልጅቱ እስከ መቼ ትጹም?» ነገሩን ለሊቃውንቱ አቀረቡት። ሊቃውንቱ ተከራከሩ፤ ሁለቱ ተኳረፉ፤ ፍርድ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ራሳቸው ቆረጡት፦

«በጎንደር ሰዓት ጹሚ። ፀሐይዋ እዚህ አለች፤ እኛ እንቆጥርልሻለን።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ያላዩትን አገር እንደ ግቢያቸው አወቁት። ዓሣውን ውጭ ሰቅለው በንፋስ እንደሚያደርቁት ሲሰሙ «ቋንጣ ያውቃሉ! እንግዲያማ ሰው ናቸው» አሉ። አይባቸው እንደ ስኳር እንደሚጣፍጥ ሲሰሙ ግን ምስክርነታቸውን ሊያነሡ ምንም አልቀራቸው። ዕድር ላይ ሰው ሲጯጯህ «በትሮምሶ ሰው ተራ በተራ ነው የሚናገር» ይላሉ፤ እሳቸው ራሳቸው የማንንም ተራ ጠብቀው አያውቁም።

ያፈሩት አንዴ ነው። ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን፣ የዘመድ ተዝካር ሄደው ድንኳኑን በፀሐይ አልባው አገር ወሬ ሲያስደምሙ፣ አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ «ሸጋ ነገር ነው» አሉ። «ታዲያ ፀሐይ ካልወጣ ዶሮው መቼ ይጮሃል?» ድንኳኑ ሳቀ። ሲመለሱ አውቶቡሱ ደባርቅ እንደደረሰ ደወሉና፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ «ስርጉት! ዶሮ አላችሁ?» አሉ።

«አለ፣ አባዬ። እኔ የማየው ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። አይጮህም።»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አንድ ቀን «ጎረቤትሽ ማን ነው?» አሏት። ስርጉት በመስኮቷ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት እንዳለች፣ ውስጧም አንዲት አሮጊት እንደምትኖር ተናገረች። ስሟን አላውቅም አለች።

«ደጅ ለደጅ ሆናችሁ ስሟን አታውቂም?»

«እዚህ እንደዚያ ነው፣ አባዬ። ሰው ሰውን አያስቸግርም።»

«ስም መጠየቅ ምኑ ነው ማስቸገር! ምነው ልጄ፣ ከሰው አይደለም እንዴ የወለድሁሽ? ዳቦ ጋግሪና ሂጂ፤ አንኳኪ። እስከዚያ አትደውይልኝ።»

እውነትም ስልክ አላነሣ አሉ። ደብረ ዋይፋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ስልኩ ይጮሃል፤ እሳቸው እያዩት ያዜማሉ። ልጅቱ ስታጣ ዳቦውን ጋግራ ሄደች። አሮጊቷ በሯን በጣት ስፋት ከፈተችና፣ ደንግጣ፣ «ሬዲዮዬ ረበሸሽ እንዴ?» አለቻት። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ዳቦ ይዞ የመጣ ሰው ሊከስ የመጣ የሚመስላት ምስኪን!» ስሟ አስትሪድ ነው ስትላቸው ወዲያው አስተካከሉት፦ እትዬ አስቴር።

ከዚያ ወዲህ በየጥሪው የእትዬ አስቴር ጤና ይጠየቃል። ስልኩ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቤቷን ማየት አለባቸው። ጨለማው ወራት ሲገባ አሮጊቷ መስኮቷ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው መብራት ትሰቅላለች፤ እሳቸውም አሻግረው ያዩታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስርጉት ስልኩን ብታዞር ኮከቡ የለም።

«ምን ሆነች?»

«ረስታው ይሆናል።»

«በጨለማ አገር መብራት የሚረሳ የለም። ሂጂ።»

«አባዬ፣ አሁን ከሥራ መግባቴ ነው—»

«ሂጂ ብዬሻለሁ!»

ከግንቡ ሥር የነበርነው ሁሉ ወደ ስልኩ ጠጋ አልን። አያ ገብሬ እንኳ ጫማቸውን አቋረጡ። በስልኩ ውስጥ በረዶ ሲረገጥ ይሰማል፤ ከዚያ ማንኳኳት፤ ከዚያ ደግሞ ማንኳኳት፤ ከዚያ የስርጉት ጩኸት። አሮጊቷ ካለፈው ማታ ጀምሮ መታጠቢያ ቤቷ ወለል ላይ ወድቃ ነበር፤ ዳሌዋ ተሰብሯል። ሰዎች መጥተው በሩን ሰብረው አወጧት። ሐኪሙ ጥቂት ብትቆይ በብርዱ ትሞት ነበር ማለቱን ስርጉት በማግስቱ ስትነግራቸው፣ መሪጌታ ጥምጥማቸውን አውልቀው እንደገና ጠመጠሙ። ሲከፋቸውም ደስ ሲላቸውም የሚያደርጉት እንዲያ ነው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! የትሮምሶ ጋዜጣ ፎቷቸውን አወጣው፤ ከሥሩ ግን «ኢትዮጵያዊው ገበሬ» ብሎ ጻፈ። «ገበሬ!» አሉ። «አቋቋም ስንቆም የከረምንበት እግር ገበሬ ተባለ!» ጋዜጣው ይቅርታ እንዲጠይቅ ልጃቸውን ለወራት ነዘነዟት። ሰፈሩም ከታሪኩ የየራሱን ትምህርት ቀሰመ። እኔ ባለሁበት አንዲት ሴትዮ መጥታ «መሪጌታ፣ ለእኔም ልጅ አንዲት የወደቀች አሮጊት ፈልጉላት» ስትል ሰምቻለሁ። የምሯን ነበር።

ዓመት አልፎ፣ አስትሪድ አገግማ፣ በከዘራ እየተደገፈች ለጥምቀት ጎንደር መጣች። መሪጌታን ልታይ ነው የመጣችው። ስርጉት አብራት አልመጣችም። አባትየው «መቼ ትመጫለሽ?» ባሏት ቁጥር «ሥራ ነው፣ ፈቃድ የለኝም» ትላለች፤ አሁንም ያንኑ አለች።

የተገናኙት እዚያው ሆቴል ውስጥ ነው። መሪጌታ ስንት ዘመን ግንቡን የተደገፉትን ሆቴል በፊት ለፊት በር ገቡ፤ ሥራ አስኪያጁ ወንበር ሳበላቸው። እኔን ይዘውኝ የሄዱት እንግሊዝኛ ስለምሞካክር ነው፤ ለአስተርጓሚነት ግን አላመኑኝም። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መሥራቴን ያውቃሉና «የአንቺ እንግሊዝኛ ከካርድ አያልፍም» አሉኝ። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው እርስ በርስ ለመነጋገር ኖርዌይ ደወሉ። ስልኩን መሃላቸው አቆምሁት። መሪጌታ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ስርጉት በኖርዌይኛ ታደርሳለች፤ አስትሪድ ትመልሳለች፤ ቃሉ ባሕሩን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ ጠረጴዛውን ያልፋል።

ሰላምታው ረዘመ፤ ዳሌዋ ተጠየቀ፤ ምርቃቱ ወረደ። ከዚያ መሪጌታ እንደ ዋዛ እንዲህ አሉ፦ «በይ ጠይቂልኝ። በከዘራ የምትሄድ አሮጊት ከዚያ ድረስ መጥታ፣ ልጄ በሁለት እግሯ ምነው መምጣት አቃታት?»

ስርጉት ተረጎመች። አስትሪድ ስልኩን አየችው፣ መሪጌታንም አየቻቸው፣ ረጅም ነገር ተናገረች። ስትጨርስ ዓይኗ ዕንባ ሞልቷል።

«ምግቡ በጣም ጥሩ ነው ትላለች» አለች ስርጉት።

አስትሪድ ትርጉሙ ማጠሩን አይታ ወደ እኔ ጠጋ አለችና በእንግሊዝኛ በሹክሹክታ «አልነገረቻቸውም እንዴ? ወረቀቷ እኮ እዚህ አያስገባትም» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ስርጉት እዚያ የቀረችው ጥገኝነት ጠይቃ ነው። ወደ አገሬ ብመለስ ያሰጋኛል ብላ የተሰጣት ወረቀት ዓለምን ሁሉ ያስዞራል፤ አገሯን ብቻ አያስገባም። አስትሪድ ትኬት ቆርጣ የመጣችበትን መንገድ ልጃቸው ልትረግጠው አትችልም።

«ምን አለችሽ?» አሉኝ መሪጌታ።

«ምግቡን… ወድጄዋለሁ አለች።»

መሪጌታ እኔን አዩኝ፤ የልጃቸውን ፊት አዩ፤ የአሮጊቷን ዕንባ አዩ። ጠረጴዛው ባዶ ነበር።

«ምግቡ እኮ ገና አልመጣም» አሉ።

መቋሚያዋ ጭናቸው ላይ እንዳለች ናት። ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ የሆቴሉ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቀስ ብለው እንደገና ጠመጠሙት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና «ለእትዬ አስቴር ንገሪልኝ» አሉ፤ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብሏል በያት። ልጄን አደራ ብሏል በያት። አሳጥረሽ እንዳትተረጉሚ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «መቼ ትመጫለሽ?» የሚለው ጥያቄ ቀረ። ልጅቱ እንዳላወቁባት ሆነች፤ እሳቸውም እንዳላወቁ። እኔ አንዴ ብቻ፣ ከግድግዳችን ሥር ፀሐይ ስንሞቅ፣ «መሪጌታ፣ ያን ቀን ሆቴሉ ውስጥ…» ብዬ ጀመርሁ።

«ምግቡ ሸጋ ነበር» አሉኝ።

በሰው ፊት ግን ሌላ ወሬ ጀመሩ። ደብረ ዋይፋይ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ልጄን አትምጪ ብያታለሁ» ይላሉ።

«ምነው መሪጌታ!» አሉ አያ ገብሬ ደንግጠው። «አባት ልጁን አትምጪ ይላል?»

«እኔ እላለሁ። እዚያ የምታነሣቸው የምታስቀምጣቸው ሽማግሎች አሏት። ለኔ ምን ልትሠራ ትመጣለች? መቋሚያ ልታቀብለኝ?»

ደጀ ሰላም ላይ አሉት፤ ዕድር ላይ አሉት። ሰፈሩ ሐሜት ሲወረወርለት መሬት አያስነካም። ፈረንጇ አዞረችባቸው ተባለ፤ ጋዜጣ ላይ ከወጡ ወዲህ ልባቸው ደነደነ ተባለ። መካነ ብርሃን ያለች እህታቸው «የወለድሃትን ልጅ ከአፈርህ የምትከለክል፣ ምን ዓይነት ካህን ነህ?» ብላ ሰው ላከችባቸው። ያ ሁሉ ምላስ፣ አገሩን ሁሉ የገረፈ ምላስ፣ መልስ አልሰጠም። ሲታሙ እያዩ ያልፋሉ። መቋሚያዋ ከብብታቸው አልወጣችም።

የቀብራቸው ዕለትም ሐሜቱ ከሬሳው ጋር ሄደ። ከኋላዬ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች «አይ ልሳነወርቅ፣ አንድ ልጁን ዓይኑን ሳያሳያት ተቀበረ» ሲሉ ሰማሁ። ዞሬ ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። የእሳቸውን ወሬ የማፍረስ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ከሣልስቱ በኋላ ስርጉት ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። አስትሪድ አጠገቧ መሆኗን ነገረችኝ። የቀብሩን ነገር ጠየቀችኝ፤ ማን ቆመ፣ ማን ወረበ፣ ማን አለቀሰ። ሁሉን ነገርኋት። ከዚያ የፈራችውን ጥያቄ አመጣች።

«ሰው ስለኔ ምን ይላል? አባቷን ሳትቀብር ቀረች ይላል አይደል?»

«አንቺን ማንም አያነሣሽ» አልኋት። «የሚታሙት እሳቸው ናቸው።»

«አባዬ? ምን ተብለው?»

«ልጃቸውን አትምጪ ብለው ከለከሉ ተብለው ነዋ።»

«ውሸት ነው! እንዲህ ያለው ማን ነው?»

«ራሳቸው ናቸዋ። ካንቺና ከእትዬ አስቴር በቀር ያልነገሩት ሰው የለም።»

መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነበር፤ ልክ የአባቷ ሳቅ። ወደ ለቅሶ እስኪዞር ድረስ ስልኩን ይዤ ቆየሁ።